ሌስቦስ ስትሄዱ ሁለት ቀን ባዶ ተዉ

ሰላም እህቴ፣ ሰላም ለቤተሰቡም።

ሌላ የሚያነብ ሰውም እንዲከተለን ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። የምትኖሩት ጀርመን ነው፤ አንቺ፣ ባለቤትሽና የ5 ዓመት ልጃችሁ። ወፍ ማየት ከጀመራችሁ ሁለት ዓመት ሆኗችኋል። በመጪው ሚያዝያ 2019 የ10 ቀን ዕረፍት አላችሁና ሜዲትራንያን ባሕር ላይ ካሉት ደሴቶች ወደ አንዱ መሄድ አስባችኋል። ማልታ፣ ቆጵሮስ ወይስ ሌስቦስ? በየትኛው ሳምንት? መኪና እንከራይ ወይ? አስጎብኚስ እንያዝ? ፋሲካ እዚያው ሲውልብን ጾሙን እንዴት እናድርግ? ቴሌስኮፕ እንግዛ? ስድስት ጥያቄ ነው። በተራ አልመልስም፣ ግን አንዱንም አልዘልም።

ስለ ራሴ ሁለት ቃል። ወፍ ማሳየት እንጀራዬ ነው። ከዝዋይና ከአብያታ ሐይቅ እስከ ባሌ ተራራ ብዙ ዓመት እንግዳ ይዤ ዞሬያለሁ። ሌስቦስ ደግሞ አራት ጸደይ ሄጃለሁ፣ ሁለቱን ለራሴ፣ ሁለቱን ለሥራ።

የደሴት ምርጫው ቶሎ ያልቃል። ማልታን ተዉት። በጸደይ ወፍ ማደን ከሚፈቀድባቸው ጥቂት የአውሮፓ ቦታዎች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2015 ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ በጣም በጠባብ ልዩነት አደኑ ይቀጥል ተባለ። ልጅ ይዞ፣ ተኩስ እየሰሙ፣ ወፍ ማየት ለእኔ ዕረፍት አይደለም። ቆጵሮስ ግን ሌላ ነገር ናት፣ እወዳታለሁ። ሳይፕረስ ዊትኢር የምትባል ጥቁርና ነጭ ትንሽ ወፍ አለች፤ በዓለም ላይ እንቁላል የምትጥለው እዚያ ደሴት ላይ ብቻ ነው፣ የአውሮፓን ብርድ የምታሳልፈው ደግሞ እኛ አገርና ሱዳን ነው። ግማሽ ዘመዳችን ናት። ችግሩ ቆጵሮስ ቀድማ ትሞቃለች፤ ምርጡ ጊዜዋ ከማርች መጨረሻ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ነው፣ የእናንተ ዕረፍት ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሌስቦስ።

ሌስቦስ የግሪክ ደሴት ናት፣ በስፋት ሦስተኛዋ፣ 1,630 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ከአቴንስ ይልቅ ለቱርክ በጣም ትቀርባለች፤ ጠባቡ ላይ በመሀላቸው ያለው ባሕር 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዋና ከተማዋ ሚቲሊኒ ሐዋርያው ጳውሎስ በመርከብ ሲያልፍ ያረፈባት ከተማ ናት። ለወፍ ሰው ይህ የቱርክ ቅርበት ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ሌላ የአውሮፓ አገር ላይ የማይገኙ ወይም በጣም የሚቸግሩ የእስያ ወፎች እዚያ ጎጆ ይሠራሉ።

አሁን ወደ ጊዜው። ሌስቦስ ላይ የወፉ ጉዞ የሚደምቀው በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 12 እስከ 27 አካባቢ ነው፣ በፈረንጁ ከኤፕሪል 20 እስከ ሜይ 5። የግሪክ ኦርቶዶክስ ፋሲካና የእኛ ፋሲካ አንድ ቀን ነው የሚውለው፣ ይህን ታውቂያለሽ። በ2019 ሚያዝያ 24 ነው፣ ሜይ 2። ስለዚህ ሕማማቱ ከወፉ ምርጥ ሳምንት ላይ ወደቀ። ብዙ ወፍ ተመልካች ፋሲካን ይሸሻል፤ ሱቅ ይዘጋል፣ የአቴንስ ሰው ሁሉ ወደ ደሴቱ ይጎርፋል እያለ። እኔ በተቃራኒው ሂዱ እላለሁ፣ ግን በብልሃት።

ብልሃቱ ይህ ነው። ሚያዝያ 16 ቅዳሜ፣ የሆሳዕና ዋዜማ፣ ግቡ። አውሮፕላኑም መርከቡም የሚጨናነቀው ከሐሙስ ጀምሮ ነው። መውጫችሁን ደግሞ ማክሰኞ ሚያዝያ 26 አድርጉት። የፋሲካ ማግስት ሰኞ በዓል ነው፣ ከመጣው ሰው ብዙው በዚያ ቀን ይመለሳል፤ ከዚያ ግፊያ ውስጥ ልጅና ሻንጣ ይዛችሁ አትግቡ። ከአቴንስ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም። በመርከብ ከፒሬየስ ወደብ ማታ ተነስቶ ጠዋት መድረስ ነው። ልጅ ካለ አውሮፕላኑ ይሻላል፣ መርከቡን እኔ ብወደውም። የምታድሩበትን ግን ከወራት በፊት ያዙ፣ ይህን ችላ አትበሉ።

የት ነው የምታድሩት? ስካላ ካሎኒ። ሌላ አትፈልጉ። ካሎኒ የሚባል ትልቅ የባሕር ሰርጥ ደሴቱን ከመሀል ይሰነጥቀዋል፤ በሰርጡ ራስ ላይ ያለችው የዓሣ አስጋሪዎች መንደር ስካላ ካሎኒ ናት። ከሚቲሊኒ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። በጸደይ ሆቴሎቿ በእንግሊዝ፣ በደች እና በስካንዲኔቪያ ወፍ ተመልካቾች ይሞላሉ። ማታ እራት ላይ ሁሉም ያየውን ያወራል። ጠረጴዛ ለጠረጴዛ የሚዞረው ወሬ የትኛውም መጽሐፍ ላይ የለም፣ ዛሬ ጠዋት የት ምን ነበር የሚለውን ትሰማላችሁ። ዓይን አፋር አትሁኑ፣ ጠይቁ። ወፍ የሚያይ ሰው ስለ ወፍ ከተጠየቀ ማቆሚያ የለውም፣ እኔን እያያችሁኝ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ዓመት የሠራሁት ስህተት ነው። አዲስ አበባ ሆኜ ለእያንዳንዱ ቀን ቦታና ሰዓት መደብኩ። ሰንጠረዥ፣ በቀለም። ማክሰኞ ሲግሪ፣ ረቡዕ ሚቲሊኒ፣ ሐሙስ ሞሊቮስ። ማክሰኞ ጠዋት ሲግሪ ደረስኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ ከደቡብ፣ ባሕሩ እንደ መስተዋት። ወፍ የለም። ማለቴ፣ ድንቢጥ ነበረች። ያን ቀን ማታ ዝናብ ጣለ፣ ነፋሱም ወደ ሰሜን ዞረ። ረቡዕ ግን ሰንጠረዡ ሚቲሊኒ ስላለ ሚቲሊኒ ሄድኩ፣ ቤተ መዘክር አየሁ። ማታ ሆቴል ስመለስ ሰው ሁሉ ፊቱ በርቷል። ሲግሪ አጠገብ ባለው የበለስ አትክልት ቦታ ውስጥ ዛፉ ሁሉ በወፍ ተሸፍኖ ነበር አሉኝ፤ ወርቃማ ኦሪዮሎች በአንድ ዛፍ ላይ በደርዘን፣ ዝንብ አዳኞቹ ኮላርድ ፍላይካቸሮች መሬት ላይ ድክም ብለው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለምን እንደሆነ ከገባችሁ ዕቅዱ ራሱ ይወጣል። አብዛኞቹ ትንንሽ ወፎች ሌሊት ነው የሚበሩት። ከአፍሪካ ተነስተው ባሕሩን ያቋርጣሉ። ሰማዩ ጥርት ካለ፣ ነፋሱም ከኋላ ከገፋቸው፣ ለምን ብለው ይወርዳሉ? ከላያችሁ አልፈው ወደ ቡልጋሪያ፣ ወደ ሩሲያ ይቀጥላሉ። ንጋት ላይ ዝናብ ወይም የፊት ነፋስ ከገጠማቸው ግን ያገኙት የመጀመሪያ መሬት ላይ ይወርዳሉ። ሲግሪ የደሴቱ ምዕራብ ጫፍ ናት፣ ያቺ የመጀመሪያ መሬት። ይበላሉ፣ ያርፋሉ፣ አየሩ ሲከፈት ማታውኑ ይነሳሉ። በማግስቱ ብትሄዱ ቀርቷል።

ስለዚህ ከአሥሩ ቀን ቢያንስ ሁለቱን ባዶ ተዉ፣ ምንም አትመድቡባቸው። ማታ ማታ የአየር ትንበያ እዩ። ሌሊት ዝናብ ካለ፣ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ መኪና አስነሱና ሲግሪ፣ ከሲግሪም ሰሜን ፋኔሮሜኒ የሚባለው የወንዝ አፍና አትክልት ቦታ። ጥርት ያለና የደቡብ ነፋስ ከሆነ እዚያው ካሎኒ ዙሪያ ቆዩ፣ የውኃ ዳር ወፍ በማንኛውም አየር አይጠፋም። ነፋሱ ጠንካራ ከሆነ ወደ ጥድ ጫካው ግቡ። ይኸው ነው። የቀረው ምክሬ ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ካሎኒ ዙሪያ ምን አለ? ከሁሉ በፊት የጨው ማምረቻው። ውስጡ መግባት አይቻልም፣ ግን ዙሪያውን በሚሄደው መንገድ ላይ መኪና አቁሞ ሁሉን ማየት ይቻላል። ከመኪና አትውረዱ፤ ወፉ መኪናን አይፈራም፣ የሰው እግር ግን ይፈራል። ልጃችሁ ኋላ ወንበር ላይ ብስኩቷን እየበላች ፍላሚንጎ ታያለች፣ ከዚህ የበለጠ ምን አለ። ጥቁር ሽመላ ከውኃ ቦዩ ዓሣ ስትለቅም ቅርብ ሆና ትታያለች።

እኔን ግን እዚያ ያስለቀሰኝ ፍላሚንጎው አይደለም። ዝዋይ ዳር ሁልጊዜ የማያቸው ግራጫ የጭቃ ወፎች አሉ። ራፍ፣ ከርሊው ሳንድፓይፐር፣ ሊትል ስቲንት። በእኛ በጋ ሁሉም አንድ ዓይነት አቧራ ናቸው፤ እንግዳው 'ይህ ምንድን ነው?' ሲለኝ በምንቃር ርዝመት ነው የምለያቸው። ካሎኒ ላይ ከርሊው ሳንድፓይፐሩ የሸክላ ቀይ ሆኖ ቆሟል። ወንዱ ራፍ አንገቱ ላይ ጎፈር አብቅሏል። ወደ ሰሜን ዋልታ ዳር ለሠርግ እየሄዱ ነው፣ ልብሳቸውን ቀይረዋል። ሃያ ዓመት የማውቀውን ጎረቤት በካባ እንዳየሁት ነው የተሰማኝ። ራሷ ጥቁር፣ ሆዷ ቢጫ የሆነችው ጭራ ነቅናቂም፣ ማስክድ ሽራይክም፣ ሁሉም እንዲሁ። ማስክድ ሽራይክን አዋሽ ላይ ግራር ላይ ዝም ብላ ነው የማውቃት፤ እዚያ ወይራ ላይ ሆና ትዘፍናለች። እኔ ትዘፍናለች ብዬ አላውቅም ነበር።

በነገራችን ላይ ለአብዛኞቹ ትንንሽ ወፎች የተለየ አማርኛ ስም የለንም፣ ስለዚህ በተለመደው መጠሪያቸው በፊደላችን እየጻፍኩ ነው፤ መጽሐፋችሁ ላይ ስትፈልጉ እንድታገኙት።

ከጨው ማምረቻው ሌላ ጽክኒያስ የሚባል ወንዝ አለ፤ ዳሩን ተከትሎ የሚሄድ የፒስታ መንገድ አለው። በማለዳ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ስኩዋኮ ሄሮን፣ ትንሿ ቢተርን፣ ዕድል ከቀናችሁ ሸምበቆ ሥር የምትሽሎከሎክ ሊትል ክሬክ። ለሊትል ክሬክ የበለጠው ቦታ ግን ሜቶቺ የምትባለው ትንሽ ሐይቅ ናት፤ ዳሯ ላይ ቁጭ ብላችሁ ግማሽ ሰዓት ዝም ማለት ነው። የ5 ዓመት ልጅ ግማሽ ሰዓት ዝም አትልም፣ አውቃለሁ። ስለዚህ አንዳችሁ ቁጭ በሉ፣ አንዳችሁ ልጅቷን ኤሊ አሳዩአት። ወንዞቹና ኩሬዎቹ በኤሊ የተሞሉ ናቸው፤ ድንጋይ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ሰው ሲቀርብ አንድ በአንድ ጧ እያሉ ውኃ ውስጥ ይወድቃሉ። አብሮኝ የሄደ የእንግዳ ልጅ ከሁሉም ወፍ ያስታወሰው ይህን ነው። ወይራና ዋልነት ዛፍ ውስጥ የምትሮጥ ሽኮኮም አለች፤ ፐርሺያን ስኩዊረል ትባላለች፣ በግሪክ ሌላ ቦታ የለችም።

ለማየት ብዬ በተለይ የምልካችሁ ሦስት ወፎች አሉ።

አንደኛዋ ክሩፐርስ ነትሃች ናት። ግሪክ ውስጥ ሌስቦስ ላይ ብቻ ነው ያለችው፣ ዋና አገሯ ቱርክ ነው። አክላዴሪ የሚባለው የጥድ ጫካ ውስጥ ትኖራለች፣ ከካሎኒ በመኪና ቅርብ ነው። ከአውራ ጣት ብዙም አትበልጥም ብል ማጋነን ነው፣ ግን ትንሽ ናት፤ ደረቷ ላይ የዛገ ቀይ ቦታ አላት። ጎጆዋን የሞተ የጥድ ጉቶ ፈልፍላ ነው የምትሠራው፣ አንዳንዴ ከሰው ቁመት ብዙም በማይበልጥ ከፍታ። ለዚህ ነው የምለምናችሁ፦ ጉቶው ካገኛችሁ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። እዚያ ጉቶ ሥር ካሜራ ይዘው ሰዓት የሚቆዩ ሰዎች አይቻለሁ፤ እናትየዋ ምግብ በአፏ ይዛ ከዛፍ ዛፍ ትንከራተታለች። አሥር ደቂቃ እዩና ሂዱ።

ሁለተኛዋ ሲኔሪየስ በንቲንግ። ከካሎኒ ወደ ምዕራብ ስትነዱ አገሩ ይገላለጣል፣ ዛፍ ይጠፋል፣ ድንጋይ ብቻ ይቀራል። ከፊታችሁ የጠፋ እሳተ ገሞራ ጫፍ ላይ ኢፕሲሉ የሚባለው የዮሐንስ ነባቤ መለኮት ገዳም ይታያል። ኮረብታው ላይ ወጥታችሁ ዙሪያውን ስትሄዱ ድንጋይ ላይ ሆና የምትዘፍን ግራጫ፣ ራሷ ቢጫ ቢጫ የሚል ወፍ ካያችሁ እሷ ናት። የሌስቦስ ወፍ ሰዎች ሁሉ ለእሷ ነው የሚመጡት። ብርዱን የምታሳልፈው ሱዳን፣ ኤርትራና የመን ውስጥ ነው፣ ቀይ ባሕርን ግራና ቀኝ ይዛ። ገዳሙን ግቡና ተሳለሙ፤ ነጠላ ይዘሽ ከሆነ እዚያ ቦታ ያምርበታል። ከገዳሙ ሥር ያሉት የኦክ ዛፎችም በዝናብ ማግስት ይሞላሉ፣ ወደ ሲግሪ ስታልፉ ቁሙባቸው።

ሦስተኛዋ ሩፔልስ ዋርብለር። በሰሜን በኩል፣ በፔትራና በሞሊቮስ መካከል ካቫኪ የሚባል ወደ ባሕር የገባ ቋጥኝ አለ፤ መንገዱ ዳር ቆማችሁ ወደ ታች ቁጥቋጦውን ማየት ነው። ወንዱ ራሱና ጉሮሮው ጥቁር፣ መሀሉ ላይ ነጭ ጺም የተሰመረበት፣ ዓይኑ ዙሪያ ቀይ። ስሙን ልብ በሉ። ኤድዋርድ ሩፔል የፍራንክፈርት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገራችን ገብቶ ጎንደርና ስሜን ተራራ ድረስ ዘልቋል። ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሳይንሳዊ ስማቸውን ያገኙት ከእሱ ነው። የሰበሰበው እንስሳ ፍራንክፈርት ዘንከንበርግ ሙዚየም ውስጥ አለ፣ እናንተ ጀርመን ስላላችሁ ክረምቱን አንድ ቅዳሜ ሄዳችሁ እዩት። ወፏ የእሱን ስም ይዛ ሌስቦስ ቋጥኝ ላይ ስትዘፍን እኔ ስለ ስሜን አስባለሁ።

አንድ ደግሞ በአፍሪካ የማታገኟት ልጨምር፣ ብላክ ሄድድ በንቲንግ። ሌሎቹ ከደቡብ ሲመጡ እሷ ከሕንድ ነው የምትመጣው። ዘግይታ ነው የምትደርሰው፣ ኤፕሪል ሲያልቅ። እናንተ በገባችሁ ቀን ላትኖር ትችላለች፤ ፋሲካ ሲደርስ የስልክ ሽቦው ላይ በቢጫ ሆዷ ተሰልፋ ታገኟታላችሁ።

መኪና? አዎ፣ ያለ ጥርጥር። አውቶቡስ አለ፣ ግን ወፍ ሲነቃ አውቶቡስ አይነቃም። ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። (ሰዓቱ በበጋ አቆጣጠራቸው ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው፣ እናታችሁ ጋ ስትደውሉ ማስላት የለም።) ትንሽ መኪና ይበቃል። ውሉን ግን አንብቡት። እኔ አንድ ዓመት ከአንድ አከራይ የወሰድኩት መኪና ፒስታ ላይ ጎማው ፈነዳ፤ ቅያሪ ጎማ ስፈልግ የለም፣ አንድ ጠርሙስ ማጣበቂያ ብቻ። መድኅኑስ ስል ጎማና የመኪናው ሆድ አይሸፈንም አሉኝ። ከሲግሪ ወዲህ ባለው ምድረ በዳ ላይ ሦስት ሰዓት ቆምኩ። እርግጥ በዚያ ሦስት ሰዓት ውስጥ ኢዛቤላይን ዊትኢር ጎጆዋን ስትመግብ አየሁ፣ ገንዘቤን ግን አልመለሰልኝም። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ቅያሪ ጎማ አለ ወይ? ጎማ ይሸፈናል ወይ? ጠይቁ። ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ደግሞ ነዳጅ ካሎኒ ላይ ሙሉ፣ ከዚያ ወዲያ ማደያ ጥቂት ነው፣ በበዓሉ ቀን ይዘጋ ይሆናል።

ሌላ ማንም የማይነግራችሁ ነገር። ሌስቦስ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በስደተኞች መግቢያነት ስሟ የሚነሳ ደሴት ናት፣ ሞሪያ የተባለውን ካምፕ ሰምታችሁ ይሆናል፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የተቃጠለውን። የድንበር ደሴት ስለሆነች ወታደርና ፖሊስ አለ። እኛን የመሰለ ሰው ባሕር ዳር በንጋት ባይኖኩላር ይዞ ቆሞ ሲያዩ ሊጠይቁ ይችላሉ። እኔን አንድ ጊዜ ጠይቀውኛል። ፓስፖርቴን አሳየኋቸው፣ ቴሌስኮፑን ወደ ፍላሚንጎው አዞርኩላቸው፣ ተራ በተራ አዩ፣ ሳቁና ሄዱ። ፓስፖርታችሁንና የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ሆቴል ትታችሁ አትውጡ። ወታደራዊ ቦታ አካባቢ ፎቶ አታንሱ፣ መነጽርም አታዙሩ። ከዚህ ውጭ የደሴቱ ሰው እንግዳ ወዳድ ነው፣ አትጨነቁ።

አስጎብኚ የሚያስፈልጋችሁ ለአንድ ቀን ነው፣ እሱም ለመጀመሪያው። ሥራዬን እየገደልኩ ነው፣ ግን እውነቱ ይህ ነው። አንድ ቀን አብሯችሁ የዞረ ሰው መንገዱን፣ መቆሚያውን፣ ድምፁን ያሳያችኋል፣ የቀረውን ዘጠኝ ቀን በራሳችሁ ስህተት ትማራላችሁ። የሚያሳያችሁ ሰው የወፍ ድምፅ በስልክ እያጫወተ የሚጠራ ከሆነ አቁም በሉት። ጎጆ የያዘች ወፍ ባላንጣ መጣ ብላ እንቁላሏን ትታ ትወጣለች።

ጾሙ። እዚህ ላይ ከየትኛውም አውሮፓ ይልቅ ይመቻችኋል። የእነሱም ጾም ነውና ምግብ ቤት ገብታችሁ "ኒስቲሲሞ" በሉ፣ የጾም ማለት ነው፣ ወዲያው ይገባቸዋል። ትልልቅ ባቄላ በቲማቲም፣ የአተር ክክ ፋቫ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ ተቀቅሎ የወይራ ዘይት የፈሰሰበት የዱር ጎመን። ወይራው የራሳቸው ነው፤ ደሴቱ ላይ 11 ሚሊዮን ገደማ የወይራ ዛፍ አለ ይባላል። ጥንቃቄ አንድ ብቻ፦ እነሱ በጾም ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ይበላሉ፣ ደም የለውም ብለው። ጾም ነው ብለው ቢያቀርቡላችሁ አትደንግጡ። የስቅለት ዕለት ሱቅ ሊዘጋ ስለሚችል ሐሙስ ውኃ፣ ዳቦና የልጅቷን ነገር ገዝታችሁ አስቀምጡ። ዓርብ ማታ መግነዙን በአበባ አስጊጠው በመንደሩ ይዞራሉ፣ ውጡና ተከተሉ። ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ሻማ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይቆማሉ፣ ከዚያ ርችቱ። ልጅቷ ርችት ከፈራች ራቅ በሉ፣ ጆሮ ያደነቁራል። የፋሲካ ጠዋት ደግሞ የወፍ ሰው ሁሉ ተኝቷል፣ የመንደሩም ሰው ተኝቷል፤ ጨው ማምረቻው የእናንተ ብቻ ነው።

ልብስ በተመለከተ፣ ቀኑ 20 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል፣ ንጋቱ ግን ይበርዳል፣ ኢፕሲሉ ላይ ደግሞ ነፋሱ አጥንት ይገባል። ጃኬት ያዙ።

ቴሌስኮፕ አትግዙ። ለዚህ ጉዞ አትግዙ ማለቴ ነው። በዚያ ገንዘብ ለባለቤትሽም ለራስሽም ደህና 8 በ42 ባይኖኩላር (8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስተዋቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ግዙ፤ አንድ ባይኖኩላር ለሁለት ሰው የትዳር ጠላት ነው። ጨው ማምረቻው ዳር በየመቶ ሜትሩ ቴሌስኮፕ የተከለ ሰው አለ፣ 'ልይ?' ካላችሁት ደስ ብሎት ያሳያችኋል፣ ለልጅቷም ዝቅ ያደርግላታል። ለልጅቷ ቀላል፣ ጎማ የለበሰ፣ ብትጥለው የማይቆጭ ትንሽ ባይኖኩላር ይበቃታል።

ማታ ማታ ደግሞ፣ ካሎኒ አካባቢ ባህር ዛፍ ካያችሁ ሥሩ ቆማችሁ ስሙ። አዎ፣ ባህር ዛፍ፣ እዚያም አለ። 'ቲዩ' የሚል አንድ ዓይነት ድምፅ በየሦስት ሰከንዱ ይመጣል፣ የተበላሸ ማንቂያ ደወል ይመስላል። ስኮፕስ ኦውል ናት፣ የእጅ መዳፍ የምታህል ጉጉት። ቀን ግንዱ ላይ ተለጥፋ ትተኛለች፣ ከቅርፊቱ አትለይም። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ፈልጌ ያጣኋትን አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ በጣቷ አሳይታኛለች፤ የእናንተዋንም ይዛችሁ ሂዱ።